ርካሹ ኪራይ ከየት መጣ? ከኦክላንድ ወደብ እስከ ቴሌግራፍ ጎዳና

ባለፈው ሰሞን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት ያገራችን ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቱ ከወጥ ቤት ወጥቶ አንድ ደብዳቤ አቀበለኝ። (የምግብ ቤቱን ስም አልጠራም። አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብተው ይህ ጋዜጣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ያጣል።) "እስቲ አንብብልኝ ወንድሜ፤ የገባኝ ይመስለኛል፣ ግን ባይገባኝ ይሻል ነበር" አለኝ። ደብዳቤው ከአከራዩ የመጣ ነው። ከሠላሳ ቀን በኋላ ኪራዩ በሩብ ያህል እንደሚጨምር ያስታውቃል። የባለቤቱ የኪራይ ውል ዘመኑ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚከፍለው በየወሩ ነው።

አጠገባችን ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ሰፈር የኖሩ አንድ አባት ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ስንመጣ እኮ ይህን ጎዳና ዞሮ የሚያየው አልነበረም። ሱቁ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ኪራዩም የነፃ ያህል። አሁን ማን እንዳበላሸው እንጃ" አሉ።

እኔ ከአገር የወጣሁት የምጽፍበት ጋዜጣ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ያንን ርካሽ ዘመን አልደረስኩበትም። ሆኖም የሽማግሌው አነጋገር ከቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ለመሆኑ በካሊፎርኒያ ምድር፣ ከባሕሩ በቅርብ ርቀት፣ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ኪራይ እንዴት የነፃ ያህል ሊሆን ቻለ? ሰፈሩ ዛሬ ተበላሸ ወይስ ያኔ ነበር የተበላሸው? ጥያቄውን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ መንገዱ ከቴሌግራፍ ወደ ምዕራብ ወሰደኝና ወደቡ ላይ ጣለኝ። አንባቢም አብሮኝ ይውረድ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሰባተኛ መንገድ

ዌስት ኦክላንድን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከባርት መስኮት ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄደው ባቡር ከመሐል ከተማው ዋሻ ወጥቶ ከባሕሩ ሥር እስኪገባ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ይሄዳል። ከታች የሚታየው ሰፊ ጎዳና ሰባተኛ መንገድ ነው። ወዲያ ማዶ የወደቡ ክሬኖች ተደርድረዋል። ጎዳናውን ዛሬ ለሚያየው ሰው አንድ ጊዜ የሕዝብ መናኸሪያ ነበር ቢሉት አያምንም።

በ1869 አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያገናኘው የባቡር ሐዲድ መጨረሻ ጣቢያው ኦክላንድ ሆነ። ሐዲዱ ካለቀበት ዘንድ የባቡር ጥገናው፣ መጋዘኑና የመርከብ መጫኛው ተተከለ፤ ሠራተኛውም በዙሪያው ቤት ሠራ። በፑልማን የመኝታ ባቡሮች ላይ አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሻንጣ የሚሸከሙት ጥቁሮች አንዱ ትልቁ መኖሪያቸው ይህ ሰፈር ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1925 የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። በ1937 ኩባንያው ውል እንዲፈርም አስገደዱት። የማኅበሩ የኦክላንድ መሪ ሲ. ኤል. ዴሉምስ ይባላል፤ ኋላ የኮንግረስ አባልና ከ2007 እስከ 2011 የኦክላንድ ከንቲባ የነበሩት የሮን ዴሉምስ አጎት ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የመርከብ ግንባታው እጅ ሲያጥረው ከቴክሳስና ከሉዊዚያና በባቡር የመጣው ሕዝብ ዌስት ኦክላንድን ሞላው። በ1940 የኦክላንድ ጥቁር ነዋሪ 8,462 ነበር፤ በ1950 47,562 ደረሰ። ሰባተኛ መንገድ ላይ ጸጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሐኪሙ፣ መድኃኒት ቤቱና ዓሣ ጠባሹ ተደርድሮ፣ ማታ ማታ ደግሞ በ1933 ከተከፈተው ከስሊም ጄንኪንስ ጀምሮ የሙዚቃ ቤቶቹ መብራት ይበራ ነበር። ለኛ ሰው እንዲቀርብ፣ የድሮውን ውቤ በረሃ ከመርካቶ ጋር አንድ ጎዳና ላይ አድርጎ ማሰብ ነው። በትልቅ ከተማ ውስጥ ያለች፣ የጎደላትን ሁሉ እዚያው የምታገኝ ትንሽ ከተማ ነበረች።

ያችን ትንሽ ከተማ ያፈረሳት ጦርነት ወይም እሳት አይደለም። የልማት ዕቅድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በወረቀት ነው። በ1937 ለቤት ብድር የተዘጋጀው የኦክላንድ ካርታ ዌስት ኦክላንድን በቀይ ቀለም ቀባው፤ ትርጉሙም እዚህ አታበድሩ ማለት ነው። ባንክ ለጣሪያ ማደሻ የማያበድርበት ቤት ጣሪያው ማፍሰሱ አይቀርም። በ1949 ደግሞ የከተማው የፕላን ኮሚሽን መጣና ሰፈሩ አርጅቷል፣ ተጎሳቁሏል ብሎ ፈረደ። ቤቱን እንዳይታደስ ከልክሎ ለምን አልታደሰም ብሎ ማፍረስ ይሏል ይህ ነው። የኛን የቀበሌ ቤቶች ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1957 የሳይፕረስ ፍሪዌይ ተከፈተ። ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ መኪናው አንዱ ባንዱ ላይ ይሄዳል። ሰፈሩን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት ከፈለው። ካንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ፣ ከሌላው ወገን ምእመናኑ። በ1960 ለትልቅ ፖስታ ቤት ተብሎ 12 ብሎክ ሙሉ ተወሰደ። የማፍረሱን ሥራ የያዘው ተቋራጭ ቤቶቹን ያፈረሰው ከጦርነቱ በተረፈ ሸርማን ታንክ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ ታንኩ ቤት እየጣሰ ሲያልፍ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ እስካይ ድረስ። ቀጥሎ ኤኮርን በተባለው የመልሶ ማልማት ፕሮጀክት ሌሎች ብሎኮች ተጠረጉ፤ አዲሶቹ ቤቶች እስኪሠሩ ድረስ መሬቱ ለዓመታት ሜዳ ሆኖ ቆየ። እስከዚያ ድረስ ነዋሪው የት ይቆያል? መልሱን የሰጠው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ኦክላንድ ተበታተነ።

መጨረሻ የመጣው ባርት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የባርት ዕቅድ በበርክሌይ ከተማም አብዛኛውን መንገድ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ እንዲያልፍ ነበር። የበርክሌይ ሰው ከተማችንን ለሁለት አትከፍሉም ብሎ ተነሣ፤ በ1966 በድምፁ ወስኖ ተጨማሪውን ወጪ ከኪሱ በግብር ከፈለና ባቡሩን ከመሬት በታች አስገባው። የመሐል ኦክላንድም ባቡር ከመሬት በታች ነው። ሰባተኛ መንገድ ላይ ግን ሐዲዱ ከሱቆቹ ፊት ለፊት በድልድይ ቆመ። ግንባታው ለዓመታት መንገዱን ዘጋው፤ ገበያተኛው ራቀ፤ ባቡሩ በመስከረም 1974 ባሕሩን መሻገር ሲጀምር ከሥሩ የሚወርድበት ጎዳና ሞቶ ነበር። ድምፅ የሚሰጥበትና ገንዘብ የሚያዋጣበት ሰፈር ባቡሩ ከእግሩ ሥር ሄደለት፤ ሌላው ሰፈር ባቡሩን በራሱ ላይ ተሸከመ።

በ2024 አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ እዚህ ስንቶቻችን ሌሊት ስልክ ተቀብለን አድረናል። አንዳንዱ "ልማት ነው፣ ምን ይደረግ፤ ቤቱ እኮ ያረጀ ነበር" ይላል፤ ሌላው ያለቅሳል። ዘመዶቻችን በስልክ የሚያወሩት ግን ስለ ቤቱ ብዙም አይደለም። ዕድሩ ተበተነ፤ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ራቀ፤ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ደንበኛዋን አጣች፤ ከዳር ከተማው ኮንዶሚኒየም እስከ ሥራ ቦታ ሁለት ታክሲ ሆነ። የሰባተኛ መንገድ ሽማግሌዎችም ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ከግድግዳው ይልቅ ደጃፉን ነው የሚያነሡት።

ወደቡ ሲያድግ

የኦክላንድ ወደብ በ1927 በራሱ ቦርድ መተዳደር ጀመረ። ይህ ቦርድ ዛሬም ሰባት አባላት አሉት፤ ከንቲባው ያቀርባል፣ የከተማው ምክር ቤት ይሾማል። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ሊሞ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁበት የኦክላንድ ኤርፖርትም፣ ጃክ ለንደን አደባባይም በዚሁ ቦርድ ሥር ናቸው። ስለዚህ ወደቡ የኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው የኤርፖርቱን ወረፋ ማን እንደሚያወጣ አስቦ አያውቅም ማለት ነው።

በ1962 የሲ ላንድ ኩባንያ የኮንቴይነር መርከቦች ኦክላንድ መቆም ጀመሩ። ሳን ፍራንሲስኮ በድሮው ዓይነት ጠባብ መትከያዎቿ ስትተማመን ኦክላንድ ባሕሩን እየደለደለ ሰፊ ሜዳ ሠራ፤ ለሰባተኛ መንገድ የመርከብ ማራገፊያ ከተደለደለው አፈር ውስጥ ባርት ከባሕሩ ሥር ለመሄድ የቆፈረው ይገኝበታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኦክላንድ ከዓለም ትልልቅ የኮንቴይነር ወደቦች ተርታ ገባ። ወደቡ ሲበለጽግ ግን ቀድሞ መቶ ሰው በጀርባው የሚያወርደውን ጭነት አንድ ክሬን ማንሣት ጀመረ። ሥራው ሲቀንስ ጭሱ ጨመረ። እያንዳንዱ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ይገባል፣ በከባድ መኪና ይወጣል።

ከባድ መኪናው በየት በኩል እንደሚሄድ ደግሞ ሕግ ይወስናል። ከ4.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና በኦክላንድ ውስጥ በ580 ፍሪዌይ እንዳይሄድ ተከልክሏል። ክልከላው ከብዙ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን በ2000 በስቴቱ ሕግ ጸንቷል። 580 የሚያልፈው በኮረብታው ሥር፣ ኑሮ በሞላላቸው ሰፈሮች በኩል ነው። ስለዚህ ጭነቱ ሁሉ በ880፣ በሜዳው ሕዝብ ደጃፍ ያልፋል። የአላሜዳ ካውንቲ የጤና ጥበቃ ክፍል በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ዌስት ኦክላንድ የተወለደ ጥቁር ልጅ ኮረብታው ላይ ከተወለደ ነጭ ልጅ 15 ዓመት ያህል ቀድሞ እንደሚሞት ይጠበቃል። ምክንያቱ ጭሱ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ግን አንዱ ነው።

እኛ የመጣንበት ቀዳዳ

አሁን ወደ ቴሌግራፍ እንመለስ። ዛሬ ቴመስካል የሚባለው ሰፈር የጣልያኖች ነበር። ጣልያን ሲባል አንባቢ ዐድዋን እንዳያስታውስ፤ እነዚህ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎችና ባለሱቆች ናቸው። ኮሎምቦ የሚባለው ክበባቸው እስከ ዛሬ አለ። በ1926 የተከፈተው ጄኖቫ የሚባለው ሱቃቸው እስከ 2016 ድረስ እዚያው ቴሌግራፍ ላይ ሳንድዊች ይሸጥ ነበር።

በ1960ዎቹ የ24 ፍሪዌይ ቴመስካልን ሰንጥቆ አለፈ። በመሐሉ የባርት ሐዲድ ተዘረጋ፤ የማክአርተር ጣቢያ በ1972 ተከፈተ። ለመንገዱ ሲባል ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ልጆቻቸው ከመኪና ጫጫታ እንዲርቁ የፈለጉት ደግሞ ወደ ኮረብታው ማዶ ሄዱ። ገበያተኛው ሲሄድ ሱቁ ተዘጋ። ባለ ሕንፃው ተከራይ አጣ። የነፃ ያህል የሆነው ኪራይ የመጣው ከዚህ ነው።

እኛ የደረስነው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሩን ሲከፍት፣ ከሱዳን መጠለያ በኩል የመጣው፣ ተማሪ ሆኖ መጥቶ በአብዮቱ ምክንያት እዚሁ የቀረው፣ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም፣ ከኮሪያውያኑ ጋር እየተጎራበተ ባዶዎቹን ሱቆች ተከራየ። አንዱ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ሁለተኛው በርበሬና እንጀራ መሸጥ ጀመረ፣ ሦስተኛው ጸጉር ቤት። ሌሊት መኪና የሚነዳው ማለዳ ላይ ፉል የሚያገኝበት፣ ለቅሶ የሚሰማበት፣ አፓርትመንት የሚፈልግ አዲስ መጤ ስልክ ቁጥር የሚቀበልበት ቦታ ሆነ። ይህን የሠራነው በላባችን ነው፤ ማንም አልሰጠንም። ሆኖም መሬቱ ርካሽ የሆነው የሌላ ሰው ቤት ፈርሶ፣ የሌላ ሰው ሱቅ ተዘግቶ እንደሆነ ማወቅ ላባችንን አያሳንሰውም።

ሽማግሌው "አሁን ማን እንዳበላሸው" ያሉት ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። ሰፈሩ እኛ ስንመጣ የተበላሸ ነበር። ዛሬ ለሌላ ሰው አምሯል፤ ለኛ ደግሞ ተወዷል። በማክአርተር ጣቢያ የመኪና ማቆሚያ በነበረው መሬት ላይ አዳዲስ አፓርትመንቶች ተነሥተዋል፤ አንደኛው ብቻ ከ20 ፎቅ በላይ ሆኖ 402 ቤቶች አሉት። መቼም ቤት መሠራቱን የሚጠላ የለም፤ ቤት የቸገረው ሕዝብ ነን። ዳሩ ግን የፎቁ ቁጥር ሲጨምር አሮጌው አውቶቡስ፣ አሮጌው ትምህርት ቤትና የመኪና ማቆሚያው አብሮ አይጨምርም፤ ባለ ሕንፃው ግን ከማዶ ያለውን ፎቅ አይቶ የኛን ኪራይ ይጨምራል።

ፍሪዌዩ ሲወድቅ

በጥቅምት 17 ቀን 1989፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። የሳይፕረስ ፍሪዌይ የላይኛው ፎቅ በታችኛው ላይ ወደቀ። እዚያ ብቻ 42 ሰው ሞተ። በዚያን ሰዓት ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ የሚጫወቱበት የቤዝቦል ፍጻሜ ስለነበረ ብዙ ሰው ቀድሞ ቤቱ ገብቷል፤ ባይሆን ኖሮ ሟቹ ይበዛ ነበር። ከማንም በፊት መሰላልና ገመድ ይዘው በተሰነጠቀው ኮንክሪት ላይ የወጡት፣ የሰው ነፍስ ያወጡት፣ ፍሪዌዩ ሰፈራቸውን ለሁለት የከፈለባቸው የዌስት ኦክላንድ ሰዎችና በአካባቢው ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ወዛደሮች ናቸው።

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ሐሳብ ፍሪዌዩን በዚያው መስመር መልሶ መሥራት ነበር። መስመሩ አለ፣ መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ነዋሪው ግን አይሆንም አለ። ማኅበር አቋቋመ፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አዳራሹን ሞላ፤ የከተማውን ምክር ቤት ከጎኑ አሰለፈ። ያነሣው ክርክር ቀላል ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተሸክመነዋል፣ ምድር ራሷ ጥላዋለች፣ መልሳችሁ አታቆሙትም። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አዲሱ መንገድ ሰፈሩን ዞሮ፣ በሐዲዱና በወደቡ አጠገብ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በ1997 ተከፈተ። የድሮው መስመር ማንዴላ ፓርክዌይ ተብሎ፣ መሐሉ ዛፍና ሣር ተተክሎበት በ2005 ተጠናቀቀ። ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው በሰኔ 1990 ኦክላንድ ኮሊሲየም መጥተው ለአሥር ሺዎች ንግግር አድርገው ነበር።

ይህን ታሪክ እዚህ ጨርሼ ድል ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን በ2019 የታተመ የሁለት የበርክሌይ ተመራማሪዎች ጥናት ሌላውን ግማሽ ይነግረናል። ፍሪዌዩ ከተነሣ በኋላ በማንዴላ ፓርክዌይ ዙሪያ አየሩ ጸዳ፤ የቤት ዋጋ ወጣ፤ የጥቁሩ ነዋሪ ድርሻ ቀነሰ። ለንጹሕ አየር የታገለው ሰው፣ አየሩ ሲጸዳለት፣ እዚያ ለመተንፈስ የሚከፍለው አጣ። ቤት የነበረው ሸጦ ሄደ፤ ተከራይ የነበረው ሳይሸጥ ሄደ። በ1980 የኦክላንድ ጥቁር ነዋሪ 47 በመቶ ነበር፤ በ2020 ሩብ እንኳ አልሞላም። ነዋሪዎቹ ስለ መንገዱ ተከራክረው ረቱ። ስለ ኪራዩ የተከራከሩት ግን ዘግይተው ነው። ያለበቂ ምክንያት ተከራይን ማስወጣት የሚከለክለው የከተማው ሕግ በ2002 በድምፅ ጸደቀ፤ እሱም መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይመለከትም።

የአገልግሎቱም ነገር እንዲሁ ነው። ዌስት ኦክላንድ ለብዙ ዓመታት ሙሉ ግሮሰሪ አልነበረውም፤ መጠጥ መሸጫ ግን ሞልቶ ነበር። ነዋሪዎች በ2009 ማንዴላ ግሮሰሪን በኅብረት ሥራ ማኅበር ከፈቱ። በ2019 የተከፈተ ሌላ ትልቅ ገበያ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ2022 ተዘጋ። ፎቅ መሥራት ለባለሀብት ቀላል ነው፤ ሽንኩርት የሚሸጥበት ሱቅ ማቆም ከባድ ነው።

ጭሱና ሾፌሩ

በወደቡ ጭስ ላይ የተነሡት ሴቶችና ወንዶችም የሚረሱ አይደሉም። ዌስት ኦክላንድ የአካባቢ ጠቋሚዎች ፕሮጀክት የተባለው ማኅበር ነዋሪውን ሰብስቦ በየመንገዱ የሚያልፈውን የጭነት መኪና አስቆጠረ። ከመሥራቾቹ አንዷ ማርጋሬት ጎርደን በ2007 የወደቡ ቦርድ አባል ሆኑ፤ ሲከሱት በነበረው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከጥር 2010 ጀምሮ ከ1994 በፊት የተሠራ ሞተር ያለው መኪና ወደቡ እንዳይገባ ስቴቱ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ማጣሪያ እንዲያስገጥም ታዘዘ። ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የወደቡ መኪኖች ጥቀርሻ ወደ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳቡን ማን ከፈለ? እዚህ ላይ የኛ ወገን ጥያቄ ይገባል። አብዛኛው የወደቡ ሾፌር መኪናው የራሱ የሆነ፣ በጭነት ቁጥር የሚከፈለው መጤ ነው። ብዙ ሺህ ዶላር ተበድሮ ማጣሪያ ያስገጠመው ሰው፣ በ2014 መባቻ ደግሞ የ2007 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር ከሌለህ አትገባም ተባለ። ማጣሪያው ከነዕዳው ቀረ። በ2013 መገባደጃ ሾፌሮች ወደቡ በር ላይ ተሰልፈው የተቃወሙት ለዚህ ነበር። የልጁ አስም ያስለቀሳት እናትም እውነቷን ነው፤ የመኪናው ዕዳ ያስለቀሰው ሾፌርም እውነቱን ነው። የሚያሳዝነው ሁለቱ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ ጭነቱ የሚጫንላቸው ትልልቅ ኩባንያዎች መሐል ላይ አለመቆማቸው ነው።

በ2018 ደግሞ የኦክላንድ ኤይስ ቡድን ሃዋርድ ተርሚናል በሚባለው የወደቡ ክፍል ላይ ስታዲየም፣ 3,000 መኖሪያ ቤቶችና ቢሮዎች እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ያን ጊዜ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የወደብ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ የጭነት መኪና ባለቤቶችና የአካባቢው ነዋሪዎች ብዙዎቹ በአንድ ወገን ተሰለፉ። የቅንጦት ፎቅ በመርከብ ማራገፊያ አጠገብ ከቆመ፣ ነገ የፎቁ ነዋሪ የመርከቡ ጥሩምባ ነቀነቀኝ ብሎ ወደቡን ይከሳል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ምክር ቤቱ በየካቲት 2022 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን አጸደቀ፤ ሆኖም ቡድኑ በ2023 ፊቱን ወደ ላስ ቬጋስ አዞረ፤ በመስከረም 2024 ኮሊሲየም ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫውቶ ሄደ። ታክሲ የሚነዱ ወገኖች የጨዋታ ቀን ገቢያቸው ቀርቶባቸዋል፤ ይህንንም ሳልጠቅስ ባልፍ ልክ አይሆንም።

ደብዳቤው

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስ። ደብዳቤውን ይዤ ስጠያይቅ ያገኘሁትን ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

በካሊፎርኒያ የትኛውም ከተማ የንግድ ቤት ኪራይ ጣሪያ እንዲያወጣ አይፈቀድለትም፤ በ1987 የወጣ የስቴት ሕግ ከልክሏል። ስለዚህ የኦክላንድ ምክር ቤት ቢፈልግ እንኳ የሱቅ ኪራይ ይህን ያህል ብቻ ይጨመር ማለት አይችልም። ነገር ግን ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ኤስ.ቢ. 1103 የተባለ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት፣ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት ትንሽ ንግድ፣ ከ20 ያነሰ ሠራተኛ ያለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመለከታል። በየወሩ የሚከፍል ተከራይ ከሆነና ጭማሪው ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ አከራዩ 90 ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ሠላሳ ቀን አይበቃም።

ግን አንድ ማነቆ አለው። ተከራዩ በዚህ ሕግ የምታቀፍ ትንሽ ንግድ ነኝ ብሎ በጽሑፍ፣ ለቃሉ ኃላፊነት ወስዶ፣ ለአከራዩ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ ሰው መብቱን መጠየቅ ይቸግረዋል። ባለ ምግብ ቤቱን "እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈህ ታውቃለህ?" አልኩት። ስለ ሕጉ ሰምቶ አያውቅም። እኔም እስከዚያ ሳምንት ድረስ አላውቅም ነበር፤ ጋዜጠኛ ነኝ እያልኩ።

ሕጉ ሌላም ነገር አለው። አከራይና ተከራይ በዋናነት የተደራደሩት በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከሆነ፣ ውሉ በዚያው ቋንቋ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት። ጎረቤታችን ኮሪያዊው ባለሱቅ ከኛ ጋር በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጎዳና፣ በአንድ ርካሽ ኪራይ ገብቶ ነበር። ቋንቋው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ አይመስለኝም፤ ሄዶ የጠየቀለት ሰው ነበረ።

ባለ ምግብ ቤቱ አምስቱን ቋንቋዎች በጣቱ ቆጠረ። አንድ እጅ ሞላ። ሌላውን እጁን አንሥቶ "አማርኛስ? ትግርኛስ?" አለኝ።

የለም አልኩት። ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡና "ይህን የሚሰማው የት ነው የሚሰበሰበው?" ብለው ጠየቁ። የምክር ቤቱን ስብሰባ ቀንና የወረዳችንን የስቴት ተወካይ ቢሮ አድራሻ ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው። በዚያው ማታ ለአከራዩ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ተቀምጠን አዘጋጀን፤ ባለ ምግብ ቤቱ ሠራተኞቹን ቆጠረ፣ ራሱን ጨምሮ ሰባት ናቸው፤ ፈረመበት።